መብራት የጨበጡ ሴቶች፣ መብራት የጠፋባቸው ወንዶች

የሀዋሳ ፒያሳ ችሎት አጥቶ አያውቅም። ከገብርኤል ወዲህ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጀበና በተጣደበት ሁሉ ይሰየማል። በርጩማ ያገኘ ሁሉ ዳኛ ነው፤ አሰልጣኝ ያባርራል፣ ሚኒስትር ይሾማል፣ የሰው ትዳር ያፈርሳል፣ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስም ይግባኝ ይዘጋል። ሰሞኑን ለተከሳሽነት የቀረበችው ናኦሚ አልደርማን የምትባል እንግሊዛዊት ደራሲ ናት። ወንጀሏ እ.ኤ.አ. በ2016 «ዘ ፓወር» የሚል የሳይንስ ልቦለድ ማሳተሟ ነው። በልቦለዱ ውስጥ የዓለም ልጃገረዶች ከአንገታቸው ሥር አዲስ ጡንቻ ይበቅልባቸውና ከጣታቸው ኤሌክትሪክ ይፈልቃል። የነኩት ወንድ ይንቀጠቀጣል፤ ካሰኛቸውም ይሞታል። ልጆቹ ኃይሉን ለእናቶቻቸው ያጋባሉ፤ ከሪያድ ጎዳና እስከ አሜሪካ ምርጫ ድረስ የዓለም ሥርዓት ይገለበጣል።

መጽሐፉን ለችሎቱ የተረክሁት እኔ ነኝ። ዐቃቤ ሕግ በዛ፣ ጠበቃ ጠፋ፤ ስለዚህ ቆሜያለሁ። ክሱ እንደ አመጣጡ፣ መልሱም እንደ አፌ።

«ሴቶች መብራት ማመንጨት ከቻሉ ፒያሳ ለምን ይጨልማል?» (ባጃጁን አቁሞ ቡና የሚጠጣው ልጅ)

ወንድሜ፣ እናንተ ቤት መብራት ሲጠፋ ማን እንደሚያበራው አስተውለህ ታውቃለህ? አንተ «ኧረ መብራት ሄደ!» ብለህ ካወጅህ ሥራህን ጨርሰሃል። ሻማውን በጨለማ ዳብሳ የምታገኘው እናትህ ናት። ግማሽ የበሰለ እንጀራ ምጣድ ላይ የቀረባት፣ ሊጡ እንዳይኮመጥጥባት ማገዶ ፍለጋ የምትወጣውም እህትህ ናት።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግን ግድብ ውኃ ይፈልጋል፣ ተርባይን ይፈልጋል፣ ዝናብ ይጠብቃል። የአልደርማን ልጃገረዶች የሚፈልጉት አንተ ከባጃጅህ አንገትህን አውጥተህ «ቆንጆ፣ አናወራም እንዴ?» ማለትህን ብቻ ነው። ያንተ ለከፋ ብቻውን ከዚህ እስከ ታቦር ተራራ ያበራ ነበር። ትርፉንም ለጎረቤት አገር እንሸጠዋለን።

«ሳይንስ ልቦለድ ነው ካልሽ ሳይንሱ የታል? ሰው እንዴት ኤሌክትሪክ ያመነጫል?» (ባዮሎጂ የሚያስተምሩት መምህር)

መምህር፣ ይህን እንኳ ከእርስዎ አልጠበቅሁም። አማዞን ውስጥ 860 ቮልት የሚለቅ ዓሣ መኖሩን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትመዋል። ያን ያህል ርቀን እንዳንሄድ ደግሞ፣ ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ተጠብሶ የሚቀርብልዎት አምባዛ በናይል ውስጥ የሚኖር ዘመድ አለው፤ የነካውን ከ300 ቮልት በላይ ያቀምሰዋል። የእኛው አምባዛ ሰላማዊ ስለሆነ ነው እንጂ ስንቱ የሀዋሳ ወንድ ከራት በፊት በተሸኘ ነበር። ደራሲዋም መነሻ ያደረገችው እንዲህ ያሉትን ዓሦች ነው። ዓሣ የሚችለውን ሴት አትችልም ካሉ ቅሬታዎ ከሳይንስ ጋር አይደለም።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» እንቅልፍ አጥተው አንብበዋል። ከጣና ገዳም እስከ ናሳ የሚዘልቅ ምሥጢር ሲተረክልዎ «የታል ቀመሩ?» አላሉም፤ «ምናብ ማለት ይሄ ነው!» ብለው ለመምህራን ክፍሉ ሁሉ አዋሱት። ወንድ ሲራቀቅ ምናብ፣ ሴት ስትራቀቅ «ማስረጃ አቅርቢ»። ይህንን ማረሚያ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው የሰጠዎት?

«ይሄ ዘርፍ የወንድ ነው። ሴት ስለ ፍቅር ትጻፍ» (ጥቁር መነጽር ያደረገው)

መነጽርህን አውልቅና ስማ። የዘርፉ እናት ናት ተብላ የምትጠራው ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»ን መጻፍ ስትጀምር ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1818 ያለ ስሟ ሲታተም ባሏ የጻፈው የመሰላቸው ሞልተዋል። ቤቱን የሠራችው ሴት ናት፤ አንተ ደጁ ላይ ቆመህ መታወቂያ ትጠይቃለህ።

ይህ አላሳመነህም? ጄምስ ቲፕትሪ የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ ነበር። ብዕሩ ስለት፣ ታሪኩ እሳት። ሴት ሳይሆን አይቀርም የሚል ወሬ ሲነሳ፣ ሮበርት ሲልቨርበርግ የተባለ ስመ ጥር ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1975 በጻፈው መግቢያ ወሬውን አጣጣለው፤ አጻጻፉ የወንድ ነው ብሎ ፈረደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቲፕትሪ ተገለጠ፤ አሊስ ሼልደን የምትባል የስድሳ አንድ ዓመት ሴት ሆና ተገኘች። በወንድ ስም የጻፈችው ቁጣ «ጥልቀት» ተብሎ ሲመሰገን ኖረ። በሴት ስም ብትጽፈው «ምን ሆና ነው እንዲህ የመረራት?» ይባል ነበር።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ!» (ከኋላ፣ ፊቱን ሳያሳይ)

አልደርማን አወቀች፣ ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ2017 ለሴት ደራስያን የሚሰጠውን የቤይሊስ ሽልማት ወሰደች። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ተከታታይ ፊልም ሆነላት። በየትኛው ወንድ እንዳለቀ ፈልገን አጣን። አንተ ከሆንክ ብቅ በልና ድርሻህን ተቀበል።

«እና መጽሐፉ እንከን የለውም ልትይ ነው?» (መጻሕፍት በደረቱ ቆልሎ የሚያዞረው)

የለውም ካልኩህማ በእጥፍ ዋጋ ልትሸጠው ነው! አለው፤ እንዲያውም በሽበሽ ነው። አራት ባለታሪኮችን በየተራ እያስሮጠች አንዱን በወጉ ሳንተዋወቀው ወደ ሌላው ትጎትተናለች። ከመሀሉ በኋላ ጥድፊያው ይብሳል፤ ጦርነት፣ አዲስ ሃይማኖት፣ ዕፅ ዝውውር፣ መፈንቅለ መንግሥት ሁሉ አንድ ድስት ውስጥ ይገባል። ጭካኔውም አንዳንዴ ለማስደንገጥ ብቻ የተጨመረ ነው።

ግን ተቀምጠህ አትነሳም። ማርጎት የምትባል ፖለቲከኛ አለች። በምርጫ ክርክር መድረክ ላይ ተቀናቃኟ ሲነዘንዛት፣ ሲነዘንዛት፣ ሕዝብ እያየ በኤሌክትሪክ ትነካዋለች። አበቃላት ትላለህ። ሕዝቡም ሲጠየቅ «አሳፋሪ ነው» ይላል። ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ሲደርስ ግን ተሰልፎ እሷን ይመርጣል። እዚህ ላይ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኛል፤ ደራሲዋ በወንዶች ምርጫ ስንት ጊዜ ያየነውን ነው ቀሚስ ያለበሰችው።

ሌላው ቱንዴ ነው፤ ናይጄሪያዊ ጋዜጠኛ። በአንድ የሌጎስ መደብር ልጅቷ ወንዱን ስትነዝረው በስልኩ ቀርጾ ስም ያወጣል። ከዚያ በየአገሩ እየዞረ የሴቶቹን አብዮት ይዘግባል፤ መጀመሪያ በደስታ፣ ቀጥሎ በጥርጣሬ፣ በመጨረሻ ማታ ብቻውን መንገድ መሄድ እየፈራ። በሩን የሚቆልፈው ወንድ ሲሆን ፍርሃቱ ገና ያን ጊዜ ዜና ይሆናል። በመጨረሻም ሞቷል ተብሎ ሲታመን፣ የደከመበትን መጽሐፍ አንዲት ሴት በራሷ ስም ታሳትመዋለች። ይህን ያነበበ ወንድ ሁሉ «ግፍ ነው!» ብሎ ይነሳል። እኛ ግን ሳናውቀው ቀርተን አይደለም ተቀምጠን የቀረነው፤ ለምደነው ነው።

ትልቁ እንከን ሌላ ነው። ሴቶቹ ኃይል ሲይዙ የሚያደርጉት ወንዶቹ ያደረጉትን ነው። ቤሳፓራ የምትባል የሴቶች አገር ይመሠርታሉ፤ እዚያም ወንድ ያለ ሴት ሞግዚት እንዳይንቀሳቀስ ሕግ ይወጣል። ያደፈ ጋቢ ቢገለብጡት ያው ያደፈ ጋቢ ነው። ደራሲዋ ይህን ያደረገችው ወንድ አንባቢዋ ቀሚሱን ለክቶ እንዲያየው ነው፤ ገባኝ። ግን ያ ሁሉ መብረቅ ወርዶ አንድ አዲስ ሐሳብ አለማብቀሉ ያስቆጫል።

«አየሽ! ሴት ሥልጣን ስትይዝ እንዲህ ናት። የፉራን ታሪክ ረሳሽው?» (ጋሼ፣ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ)

ጋሼ፣ እንዴት እረሳለሁ? እዚህ ተወልዶ ንግሥት ፉራን የሚረሳ አለ? በእርስዎ ፈቃድ ግን ለማያውቀው ልንገረው።

የሲዳማ አፈ ታሪክ ፉራ ለሰባት ዓመት ነገሠች ይላል። ሴቶችን ከፍ አደረገች፤ ምሥጢራችሁን ለወንድ አትስጡ ብላ መከረች። ወንዶቹን ግን አስጨነቀች። አጫጭሮቹን አስጨረሰች፤ ራሰ በራዎቹንም አስጨረሰች። ውኃ በወንፊት ቅዱልኝ አለች፤ በሰማይና በምድር መካከል የተንጠለጠለ ቤት ሥሩልኝ አለች። የጨነቃቸው ወንዶች ተደብቆ የተረፈ አንድ ብልህ ሽማግሌ አማከሩ፤ እሱም «መሠረቱን አንቺ አስቀምጪልን፣ እኛ እንቀጥላለን በሏት» አላቸው። በመጨረሻ ከፈረስ የሚፈጥን መጋለቢያ ስትፈልግ ቀጭኔ አመጡላት። እዚያ ላይ አሰሯትና ለቀቁት። በጫካው ሲጋልብ አካሏ እየተቆራረጠ ወደቀ፤ የወደቀበት ሥፍራም እስከ ዛሬ ከእሷ ጋር ተያይዞ ይጠራል።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ፣ ጋሼ። ባርኔጣውን ያወልቁልኝ። እንዳሰብኩት ነው። ቁመትዎንም ተቀምጠው ስላሉ አላነሳም። ይህን ታሪክ በግልዎ ቢወስዱት አልፈርድብዎትም፤ በሁለቱም አንቀጽ ይከሰሱ ነበር።

ቤት በአየር ላይ ማዘዟ እብደት ነው ይሉኛል። ዛሬ መሠረቱ ሳይቆፈር፣ በወረቀት ላይ ብቻ ባለ ፎቅ፣ ዘጠነኛ ወለል ላይ ቤት የሚሸጡልን ወንዶች አይደሉም እንዴ? በአየር ላይ ያለ ቤት ገዝተን ዓመታት ጠበቅን፤ አንድም ቀን ቀጭኔ አምጡ አላልንም። ፉራ እንኳ ቅድሚያ ክፍያ አልጠየቀችም።

ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው። ታሪኩን ማን ነው የነገረዎት? አባትዎ። ለአባትዎስ? አባታቸው። ቀጭኔውን ያመጡት ሰዎች ልጆች ናቸው መዝገቡን የያዙት። የከሳሽ ቃል ብቻ ተሰምቶ፣ ተከሳሿ በየቁጥቋጦው ተበትና፣ ፍርዱ በየትውልዱ ይነበባል። የሰባት ዓመት አገዛዝ እስከ ዛሬ «ሴት ሥልጣን ስትይዝ» ለሚለው ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፤ ወንዶች የነገሡበት ያ ሁሉ ዘመን ግን ስለ ወንድ ምንም አላስረዳም? የኦሮሞው ትውፊትም አኮ ማኖዬ የምትባል ንግሥት አለችው፤ እሷም የማይቻል አዛዥ፣ እሷም በዘዴ የተገደለች። አክሱምን አፍርሳለች የምትባለው ዮዲትም ያው አጥፊ ናት። ነግሣ፣ ተቆጥታ፣ አገር አቅንታ የሞተች ሴት ተራኪው አያውቅም።

የተረቱም የልቦለዱም ጉድለት እዚህ ላይ አንድ ይሆናል። ሁለቱም የተቆጣች ሴት ከወንድ ዱላ ሌላ የምትይዘው ነገር ያለ አይመስላቸውም። አንዱ በፍርሃት ፈጠራት፣ ሌላዋ በብስጭት። ያም ሆኖ ዛሬ ኮሌጅ በፉራ ስም ተሰይሟል፤ ቀጭኔውን ያመጣው ሰው ስም ግን የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

«ታዲያ የእኛ አገር ሴት ስትቆጣ ምን ይዛ ትወጣለች? መብራት የላት!» (እንደገና ባለ ባጃጁ)

ለዚህ መልስ የሰጠሁት እኔ አይደለሁም። ቡና የምታፈላልን የሲዳማ እናት ከሰሉን እያራገበች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ሲቆ አለ» አለች። ባለ ባጃጁ ስኒውን አስቀመጠ።

ሲቆ በትር ናት፤ የክብርና የሰላም ምልክት። ማንም አይመታባትም። በሲዳማ ባህል ሴቶች ሲበደሉ፣ ለምሳሌ አንዱ አራስ ሚስቱን ሲደበድብ፣ ያካ የሚባለው የሴቶች ኅብረት ይነሳል። የቤት ሥራ ይቆማል። በዕድሜና በምግባር የተከበሩ እናቶች ከፊት ሆነው፣ ሴቶቹ ሲቋቸውን ይዘው እየዘመሩ ይወጣሉ። ጉዳዩ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል፤ በዳዩ ይወቀሳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይክሳል። የኦሮሞ ሴቶች ሲንቄም እንደዚያው ናት። የደበደበው ሰው ጎረቤት ሁሉ እያየው የሴት ሰልፍ ደጁ ሲደርስ መግቢያ ያጣል። ያ ንዝረት ስንት ቮልት እንደሆነ መምህር ይለኩልን።

የአልደርማን ሴቶች መብረቅ ነበራቸው፤ ሥርዓት ግን አልነበራቸውም። የእኛ አያቶች መብረቅ ሳይኖራቸው ለቁጣቸው ሥርዓት አበጁ፦ ማን ይጠራል፣ ማን ይመራል፣ ምን ይካሳል፣ መቼ ወደ ቤት ይገባል። ያካ ሁሉን ፈታ አልልም። ሽማግሌው ወንድ ነው፤ ካሣው ተከፍሎ ሴትየዋ የምትመለሰው ወደዚያው ቤት ነው። ቢሆንም ልቦለዱ ያን ሁሉ ገጽ ሄዶ ያላገኘውን፣ ሳይገድል የሚያስጎነብስ ቁጣ፣ እነሱ በአንዲት በትር ጨርሰውታል።

ቁጣው በሲዳማ ብቻ አልቆመም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃቄ ውርድወት የምትባል የጉራጌ ሴት በትዳር ውስጥ የሴት መብት ይከበር ብላ ሴቶችን አስተባብራ የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማለች። ጫንያለው ወልደጊዮርጊስ ታሪኳን ቴአትር አድርጎት በብሔራዊ ቴአትር ታይቷል። አሁን ወዳለንበት ዘመን ስንመጣ ደግሞ፣ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠለፈ ሰው የጠለፋትን በሕግ ካገባት ክሱ እንዲቀርለት ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 አንዲት የ14 ዓመት የአርሲ ተማሪ ጠላፊዋን በራሱ መሣሪያ ገድላ አመለጠች። መዓዛ አሸናፊና የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሙላት፤ ራሷን ስትከላከል ነው ተብላ በነጻ ተለቀቀች። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ያችን የማምለጫ ቀዳዳ ደፈናት፤ ዛሬ ማግባት ከጠለፋ ክስ አያድንም። ሲቆዋ ጥቁር ካባ ለብሳ ፍርድ ቤት ገባች ማለት ነው።

«የእኛ ሴቶች ጨዋ ናቸው፤ አይቆጡም» (ከሱቁ በር ላይ)

አይጮሁም ማለትዎ ነው። ሐምሌ 2008 የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ዘገባ መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር፣ በዓለም ላይ ካሉ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። ልጆቹ ምን አደረጉ? በዚያው ዘገባ መሠረት ፋብሪካዎቹ በዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ የመተካት ያህል ይለቁባቸው ነበር። መፈክር የለም፣ መብረቅ የለም፤ መቀሱን አስቀምጦ መሄድ ብቻ። እርስዎ ይህን ጨዋነት አሉት። ማሽኑ ባዶ የቀረበት አሠሪ ግን ሌላ ስም ሰጥቶታል፤ እዚህ ልደግመው አልችልም፣ ሕፃናት አሉ።

«እኔ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ብጽፍ ማን ያነበዋል?» (ከፈረቃ የወጣችው ልጅ፣ እስካሁን ዝም ብላ የሰማች)

በመጨረሻ ጥያቄ የሚባል ጥያቄ! ጻፊው እህቴ። ፉራን ከቀጭኔው ላይ አውርጃት፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደምታደርግ ራሷ ትንገርሽ። ሲቆ የያዙትን እናቶች ወደሚመጣው ዘመን ውሰጃቸው፤ ሕግ ሲያወጡ፣ ሲሳሳቱ፣ ሲጣሉ፣ ሲታረቁ አሳዪን። አልደርማን ያቆመችበት ቦታ ላይ ብዙ ያልተሠራ ሥራ አለ።

ስለ አንባቢው አትስጊ፤ መላው «ዘ ፓወር» ውስጥ ራሱ አለ። ልቦለዱ የሚያበቃው ሴቶች በሚገዙት ሩቅ ዘመን፣ ለወንድ ደራሲ በሚሰጥ ምክር ነው፦ ሰው በቁም ነገር እንዲያነብህ ለምን በሴት ስም አታሳትመውም? አንቺ ገልብጪውና በወንድ ስም አሳትሚው። ባለ ባጃጁ ስሙን ያውስሻል፤ ለሌላ ሥራ ሲጠቀምበት አላየንም። መምህር «ሳይንሱ ጥንቅቅ ያለ» ይሉታል። ባለ መነጽሩ «እንዴት ያለ የወንድ ብዕር!» ብሎ ይምላል። ጋሼ ባርኔጣቸውን ያነሱለታል፣ አደጋው ቢታወቅም። ሁለተኛው እትም ሲወጣ ስምሽን በትልቁ አጽፊበትና እዚሁ ፒያሳ መጥተሽ ፈርሚላቸው። «እኛማ ድሮም ጠርጥረን ነበር» ማለታቸው አይቀርም። አዎ፣ ጠርጥራችኋል በያቸው፤ የቡናውን ሒሳብ ግን ለእነሱ ተዪላቸው።